የሙሄ አፍ፣ የሞላ አፍ

ባለፈው ሐሙስ ወልድያ መናኸሪያ ፊት ለፊት ሽንኩርት ሳስመዝን አንድ የማውቀው የመርሳ ነጋዴ ከሚኒባስ ወረደና፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣ «አያ ሙሄ አኼራ ሄዱ እኮ፤ አልሰማህም?» አለኝ። አልሰማሁም። ከተቀበሩ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። ሽንኩርቱን ሚዛን ላይ ትቼው ሄድኩ፤ ሴትዮዋ ከኋላዬ ምን ብላ እንደሰደበችኝ እንጃ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። አልቅሼ ሲወጣልኝ ደግሞ ሳቄ መጣ። እሳቸውን ያወቀ ሰው እሳቸውን አስቦ ሳይስቅ መዋል አይሆንለትም።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ሀብሩ ወረዳ ስመደብ፣ መርሳ ላይ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አራት ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ። አጠር ያሉ፣ ደረቅ ያሉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ብዬ ባናግራቸው ዞር ብለው ከኋላቸው ሰው ፈለጉ።

«ማንን ነው?» አሉኝ።

«እርስዎን ነው እንጂ።»

«እኔ አንቱ ነኝ። እርስዎ የሚባለውን ሰውዬ አላውቀውም።»

ከዚያ ወዲያ አንቱ ሆኑ። እኔን ደግሞ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ጥያቄ ስለማበዛ «ለምን» አሉኝና በዚያው ቀረ። «ለምን ዛሬ ቢሮ አልገባም እንዴ?» ይላሉ ለጎረቤት። ጎረቤቱም ተቀበላቸው። እስከ ዛሬ መርሳ ስሄድ «ለምን መጣ!» እያለ የሚጮህልኝ ሰው አለ፤ የማያውቀን መንገደኛ የተጣላን ይመስለዋል።

አንድ እሑድ ጠዋት በረንዳቸው ላይ ጠብመንጃ ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ባገራችን ጠብመንጃ ብርቅ አይደለም፤ ይህች ግን የተለየች ነበረች። ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት አፈሙዞች፣ ሁለት ቃታ፣ ወገቧ ላይ እንደ በር የምትታጠፍ። «ሁለት አፍ» ነው የሚሏት። የወፍ ጠብመንጃ ስለሆነች አንድ እርሳስ አይደለም የምትተፋው፤ የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ ብዙ እርሳሶች ነው የምትዘራው። ጠጋ ብዬ ሳይ የቀኙን አፍ ሙልጭ አድርገው ወለወሉና ወደ ግራው ሲያልፉ ጨርቁን ጣሉት፤ ከኪሳቸው ሌላ ጨርቅ አወጡ።

«ለምን ጨርቅ ቀየሩ?»

«ይሄኛው እስላም ነው» አሉ የቀኙን አፍ መታ መታ እያደረጉ። «ያኛው ክርስቲያን ነው።»

«አንቱ ደግሞ! ይቀልዳሉ?»

«በጠብመንጃ አይቀለድም» አሉና ውልወላቸውን ቀጠሉ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው አይደለሁም። ታሪኩን ሙሉውን እስካወጣጣ ሦስት እሑድ ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ሙሄና ሞላ የሚባል የልብ ጓደኛቸው በወጣትነታቸው ከመርሳ በታች ያለውን ሜዳ በወንጭፍና በወጥመድ ሲያስሱት የኖሩ ናቸው። ኋላ ዐቅማቸው አንድ ጠብመንጃ ለሁለት ለመግዛት ሲደርስ ደሴ ሄዱ። አንድ ያረጀ አዳኝ ሦስት አቀረበላቸው። ሁለቱ ባለ አንድ አፍ፣ አዳዲስና የሚያብለጨልጩ ናቸው። ሦስተኛዋ ይህች አሮጊት ናት።

«ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ትከሻችሁ አንሡ» አላቸው አዳኙ። «ከዚያ ግለጡ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ፍሬ ሳትፈልጓት ከታየቻችሁ ጠብመንጃው የእናንተ ነው። አንገታችሁን አጣማችሁ የምትፈልጓት ከሆነ የሌላ ሰው ነው፤ ተዉት።»

አያ ሙሄ ይህን ምክር ጠብመንጃ ሊገዛ ላሰበ ሁሉ ይደግሙለታል፤ ላላሰበም ይደግሙለታል። «ጠብመንጃ እንደ ቀንበር ነው» ይላሉ። «በበሬው ልክ ይቆረጣል እንጂ በሬ በቀንበር ልክ አይቆረጥም።»

አሮጊቷ ለእሳቸው ልክ ሆነች። ሞላ ግን ዘንግ የመሰለ ሰው ነውና ሰደፉ አጠረው። ሆኖም እሷኑ መረጡ፤ የበግ ቆዳ ከረጢት ሰፍተው በጥጥ ሞሉና ሞላ ሲተኩስ ሰደፉ ላይ ይጠልቃል፣ ሙሄ ሲተኩሱ ይወልቃል።

«ለምን ግን አዳዲሶቹን ትታችሁ?» አልኳቸው።

«አፏ ሁለት ነዋ!»

ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ነው። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁለት ቢላዋና ሁለት ድስት ነው። ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ክርስቲያኑ አይቀምስም፣ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን እስላሙ አይቀምስም፤ ማንም ማንንም አይቀየምበትም። እናም ቀኙ የሙሄ አፍ፣ ግራው የሞላ አፍ ሆነ። እያንዳንዱ የየራሱን ቃል እያለ የየራሱን ቃታ ይስባል፤ የመታትን ወፍ ነፍሷ ሳይወጣ ሮጦ ደርሶ ያርዳል። ሳትታረድ የሞተች እንደሆነ በክት ናት፤ በክት ለሁለቱም በክት ነው። በአሮጌ አንሶላ ላይ ተኩሰው ሲፈትኗት ደግሞ ሁለቱ አፎች ጠባያቸው ለየቅል ሆኖ ተገኘ። ቀኙ እርሳሱን ቶሎ ይበትናል፣ ለቅርብ ነው። ግራው ጫፉ ጠበብ ስለሚል ሰብስቦ ርቆ ይሄዳል፤ አነጣጥረው ካልያዙት ግን ይስታል። በዕጣ ነው የተከፋፈሉት። አርባ ዓመት አደኑባት፤ አንድ ቀን እንኳ ተቀላቅለው አያውቁም።

እኔ መርሳ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጋሽ ሞላ ታመሙ። እኔ ከመምጣቴ በፊት መርሳን ለቀው ወልድያ ልጃቸው ብርቄ ዘንድ ገብተው ነበር፤ እዚያው ተኝተዋል። ሐኪም ቤቱም «ቤቱ ይሁን» ብሎ ሸኝቷቸዋል። አያ ሙሄ ጠይቀዋቸው ሲመለሱ ቤታቸው አልገቡም፤ ቀጥ ብለው የእኔን በር አንኳኩ።

«ለምን፣ ጾም ትጾማለህ?»

«እጾማለሁ።»

«ረቡዕና ዓርብም?»

«ምን ሆነዋል ዛሬ አንቱ?»

«ጠብመንጃ ተኩሰህ ታውቃለህ?»

«ነክቼም አላውቅ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና ደረቴ ላይ በጣታቸው ወጉኝ። «እንዲህ ያለ ጣት ነው የምፈልግ።»

ጋሽ ሞላ እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ዶሮ ተሠራላቸው፣ ፊታቸውን አዞሩ። ሙሄ እጃቸውን ይዘው «ምን ያምርሃል?» ቢሏቸው «ጅግራ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ጅግራ ደግሞ ቆላው ውስጥ ሞልቷል፣ ጠብመንጃዋም አለች፤ የጠፋው በግራው አፍ የሚተኩስ ክርስቲያን ነው። ቀኑም ሩቅ አይደለም፤ ኅዳር ዐሥራ አምስት የነቢያት ጾም ይገባል። ጋሽ ሞላ ታመውም ቢሆን ጾም የሚሽር ሰው አይደሉም። ጾሙ እስኪፈታ ገና ድረስ መጠበቅ ነው፤ ገና ድረስ ደግሞ ይቆያሉ ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

«መርሳ ሙሉ ታጣቂ አለ አይደለም እንዴ? ለምን እኔ?»

«ክላሽ የለመደ ጣት አይሆነኝም። ክላሽ የቆመ ነገር ነው የሚመታ። ጅግራ ቆማ አትጠብቅህም።»

«እሺ፣ ለምን አንቱ አይመቷትም? እርዱን ለኔ ይተዉታ!»

«አፌ ሳይል ጣቴ አይስብም። ቢስሚላ ብዬ ደሟን ካፈሰስኩ እርዱን ጀመርኩት ማለት ነው። እርድ በአንድ አፍ ተጀምሮ በሌላ አፍ አያልቅም። ሞላ ደግሞ ይጠይቀኛል። ከጠየቀኝ አልዋሸውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ ቢሮ ከመግባቴ በፊት፣ ከግቢው ጀርባ ትምህርት ሆነ። መጀመሪያ ባዶዋን ነበር። የበግ ቆዳዋን ከረጢት አጥልቀውልኝ፣ እሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ኳስ ወደ ሰማይ ይወረውራሉ፣ እኔ አፈሙዙን አስከትላለሁ። ሰደፉ ከጉንጬ ሲርቅ በጥፊ መለስ ያደርጉልኛል። «ጅራቷን ያዝ፣ ሆዷን እለፍ፣ ምንቃሯን ቅደማት፤ ስትቀድማት ሳብ። ቆመህ አትሳብ! የምትሄድ ወፍ ባለችበት አትገኝም፤ ልትደርስበት ካሰበችው ላይ ነው የምትጠብቃት።» ራሳቸው ሲያሳዩኝ ከንፈራቸው ያጉረመርማል። ቢስሚላህ ብለው ከጅራቷ ጀምረው ምንቃሯን ሲያልፉ ቃሉም ያልቃል፣ ጣትም ይስባል። ቁርጥ ያለ ልክ ነው። እያደር ያንን ማጉረምረም እየሰማሁ እጄ ተፍታታ።

የእኔ ቃል ግን ረጅም ነው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ እስክጨርስ ኳሷ መሬት ላይ ናት።

«ኧረ ያንተዋ ወፍ ሐራ ደርሳ ባቡር እየጠበቀች ነው!» ይሉኛል። ሐራ ይደርሳል የተባለውን ባቡር ስንት ዓመት እንደጠበቅነው የሚያውቅ ይስቃል።

ሁለት ቀን አስበው መላ አመጡ። ጅግራ ካልጨነቃት አትበርም፤ መጀመሪያ ትሮጣለች። «እንግዲህ የመጀመሪያውን ስትሮጥ በል፤ ሁለተኛውን ስትነሣ፤ ሦስተኛው ላይ ሳብ።» ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አምጥተው በዘንግ ይመቱልኝ ጀመር፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ቃሉን ግን አንድም ቀን በአንደበታቸው አላነሡትም። «የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው» ነው የሚሉት።

«ለምን አይሉትም? ያውቁት የለም እንዴ?»

«አርባ ዓመት ከሞላ አፍ ስሰማው እንዴት አላውቀው! ግን ያንተ ነው፤ የእኔ መቁጠር ነው። ቃል በዋዛ አይነሣም።»

ስድስት ጥይት ነበረን። እንዲህ ያለ ጥይት እንደ ልብ አይገኝም፤ አራቱን አንሶላ ላይ ጨረስኩት፤ ትከሻዬም በለዘ። የተረፉት ሁለቱ ለኅዳር ዐሥራ አራት ማለዳ፣ ለጾሙ ዋዜማ ተቀመጡ።

ያን ጊዜ አካባቢው ረገብ ያለበት ወቅት ነበር። አያ ሙሄ የጠብመንጃዋን ፈቃድ በፕላስቲክ ጠቅልለው ኪሳቸው ከትተው፣ ለቀበሌው ተናግረው፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ቆላው ወረድን። ማሽላው ታጭዶ ተከምሯል። ጅግራዎቹ ፍርፋሪውን ሲለቅሙ ከግራር ሥር አገኘናቸው። የመጀመሪያው ጥይት ለግራር ቅጠል ሆነ። መንጋው ተንጫጭቶ ተነሣና ራቅ ብሎ አረፈ።

«አብሽር» አሉ አያ ሙሄ። «አንዱ ለመማሪያ ነው።» የመጨረሻዋን ጥይት በእጃቸው አጎረሱልኝ።

ጎንበስ ብለን በክምሩ ጥግ ጥግ ሄድን። ከፊት ያለችው ሮጠች። ክንፏን አራገበች። ተነሣች። ጅራቷን ያዝኩ፣ ሆዷን አለፍኩ፣ ሳብኩ። ወደቀች!

ዘለልኩ፣ ጮህኩ፣ ጠብመንጃዋንም ልጥላት ምንም አልቀረኝ። ዞር ስል አያ ሙሄ እንደቆሙ ናቸው።

«ምን አልክ?» አሉኝ።

«በስመ አብ ነዋ!»

«አላልክም።»

ያኔ ገባኝ። ወር ሙሉ ማጉረምረማቸውን ስሰማ እጄ በእሳቸው ቃል ነው የተፍታታው። ለእጄም የሚመቸው እሱ ነው። እጄ ሲሄድ አፌ ተከተለው፤ የደብረ ማርቆሱ ልጅ «ቢስሚላህ» ብዬ ተኩሻለሁ።

ወፏ ክንፏ ተሰብሮ መሬት ትቧጭራለች። ቢላዋዬን መዝዤ ስጠጋ እጄን ያዙኝ።

«አሁን በስመ አብ ብዬ አርዳታለሁ፤ ምን ችግር አለው?» አልኳቸው። «ማንም አልሰማ!»

«እኔ ማንም ነኝ?»

እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «ዕድሜውን ሙሉ ያልቀላቀለውን ዛሬ ሊሞት ሲል ላቀላቅልበት? በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉና ወፏን አንሥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ አደረጓት። ከዚያ ከሻሻቸው ጫፍ ቀደው ክንፏን አሰሩላት። «ነፍስ አላት። ነፍስ እያላት ፍርዷ አላለቀም። ሞላ ይፍረድ።»

ጠብመንጃዋን ቤት መልሰን፣ ወፏን በቅርጫት ይዘን ሚኒባስ ተሳፈርን። ሲሪንቃ እስክንደርስ ቅርጫቱ ውስጥ ሆና መኪናውን በጩኸት አደነቆረችው። ረዳቱ «አባባ፣ ምንድን ናት እሷ?» ቢላቸው «ተከሳሽ ናት» አሉት።

ጋሽ ሞላ አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየኋቸው። አያ ሙሄ ቅርጫቱን አልጋው ላይ አስቀመጡና፣ እኔ አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ፣ አንዲት ነገር ሳያስቀሩ ነገሯቸው። በግራው አፍ ነው። በመጨረሻዋ ጥይት ነው። ክንፏን ነው። ግን ቢስሚላህ ብሎ ነው።

ጋሽ ሞላ መጀመሪያ ቅርጫቱን አጮልቀው አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብርቄ ደንግጣ ልትይዛቸው ስትል ሳቅ ሆኖ ተገኘ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ እንዲያ ነው እንዴ የሚባል?» አሉኝ። ከዚያ ወፏን ዳሰሷት፤ ላባዋን ገለጥ አድርገው አዩ። «የመታው ክንፏን ነው፤ ክንፍ አንገት አይደለም። የሰው አገር ልጅ አፉን ስቶት ነው። አልተጀመረም። ቢላዋ አምጡልኝ።»

የብርቄ ባል «እኔ ላርድልዎት» ቢላቸው እንቢ አሉ። ትራስ ደግፈን አስቀመጥናቸው። «ሙሄ፣ ያዝልኝ» አሉ። አያ ሙሄ ክንፏንና እግሯን ያዙና ጋሽ ሞላ ሲያርዱ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ጋሽ ሞላ ቢላዋውን አንገቷ ላይ አደረጉ። «በስመ አብ...» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ወወልድ...» አሉ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። አፋቸው ይከፈታል፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድምፅ የለም። ሳይጨርሱ ቢያርዱ እንደማይበሉት ሁላችንም እናውቃለን። ብርቄ አፏን ያዘች። ቃሉን ማቀበል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ግን ጠዋት ያዋረደኝ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«ወመንፈስ ቅዱስ በል፣ ሞላ።»

አያ ሙሄ ናቸው። ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ ጋሽ ሞላ፤ አረዱ።

ያን ቀን አንድ እግር ከነመረቁ በሉ፤ ጎናቸው ሆነው አያ ሙሄ በሽሮ በሉ። ጋሽ ሞላ ገናን አላዩም። በጾሙ አጋማሽ ላይ ቀበርናቸው፤ ከዚያ ወዲያ አያ ሙሄ አደን አልወረዱም።

እኔ ግን ከሁሉም የማልረሳው የዚያን ቀን የመልስ መንገድ ነው። ከወልድያ ወጥተን ሲሪንቃ እስክናልፍ አያ ሙሄ ቃል አልተነፈሱም። መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ ጣታቸው ግን አይንቀሳቀስም። እኔም ያ ሁሉ ጥያቄዬ ጠፍቶብኝ ዝም ብያለሁ።

«ለምን፣ ምነው ዛሬ አትጠይቅም?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ምን ልጠይቅ?»

«የእሱን ቃል ለምን በአፍዎ አነሡት በለኛ።»

«ለምን አነሡት?»

ከመቁጠሪያቸው አንዲት ፍሬ ገፋ አደረጉ።

«ትንፋሽ አነሰው፤ አዋስኩት» አሉ። «አላህ ቢጠይቀኝም የምለው ይህንኑ ነው።»